ለኮሌጁ ተማሪ በር ይከፈትለት



በዚህች ጋዜጣችን ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውኃ መጥፋትና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የተጻፈውም ሁሉ እውነት ነው። ዛሬ እኔ የምጽፈው ግን በግቢው ውስጥ ስላለነው ሳይሆን ከግቢው ውጭ ቆሞ ስለሚጠብቀው ወንድማችንና ስለምትጠብቀው እኅታችን ነው። ይኸውም ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 ተመርቆ የአራት ዓመቱን የዩኒቨርስቲ ትምህርት ለመቀጠል የሚፈልገው ወጣት ነው።

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ሰው በኮሌጅ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ደክሞ የተማረው ትምህርት ዩኒቨርስቲ ሲደርስ ይቆጠርለታል ወይስ አይቆጠርለትም? የሚቆጠር ከሆነስ ስንቱ ነው የሚቆጠረው? በማንስ ሚዛን? ይህን ለማንኛውም የሬጅስትራር ሠራተኛ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ እንደ ሠራተኛው ጠባይና እንደ ቀኑ ሁኔታ ይለያያል። ሕግ ባለበት ቦታ መልሱ አንድ መሆን ነበረበት። መልሱ ከተለያየ ግን ተማሪው የሚተዳደረው በሕግ ሳይሆን በዕድል ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ እንመልከት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ፣ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ ተሰጠበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፣ የሀገራችን ወጣት ገና በ16 እና በ17 ዓመቱ በሁለት መንገድ ይከፈል ነበር። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርስቲ ይሄዳል። የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዳል። በአንድ ፈተና የተለያዩት ሁለት ጓደኛሞች ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል የሚገናኙበት ዕድል እጅግ የጠበበ ሆነ።

ዛሬ ደግሞ ሁሉም ዓይን በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው። ፈተናው በዩኒቨርስቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ቁጥር ለሁላችሁም የታወቀ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ ከ2017ቱ 8.4 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ወጣት በዋናው በር አልገባም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ሰነፍ ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር እኔ ከርሱ ጋር ጊዜ አላጠፋም። ከዚህ ሕዝብ ብዙው ወደ ኮሌጆች ይሄዳል፤ መሄዱም ደግ ነው። ነገር ግን ኮሌጁ ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርስ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ከሆነበት፣ ነገ ማን በደስታ ይገባበታል?

በአሁኑ ጊዜ የኮሌጅ ተመራቂው ወደ ዲግሪ የሚደርስባቸው መንገዶች አሉ። መምህሩ በክረምት ወራት እየተማረ፣ ዓመት ሙሉ እያስተማረ፣ ከብዙ ክረምት በኋላ ዲግሪውን ይይዛል። የጤና ባለሙያው ሠርቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተመርጦ፣ የመግቢያ ፈተና አልፎ ይማራል። ሌላው የማታውን ወይም የቅዳሜና እሑዱን ትምህርት ከኪሱ እየከፈለ ይማራል። ያም ካልሆነለት የ12ኛ ክፍል ፈተናን በግል ተፈትኖ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። መደበኛው የቀን ትምህርት ግን ምደባው በ12ኛ ክፍል ውጤት ስለ ሆነ ለኮሌጁ ተመራቂ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። እኛ የቀን ተማሪዎች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ዛሬ ተምረን ነገ ሥራ ስንይዝ እንከፍላለን። ከኛ ይልቅ ድኻ የሆነው የኮሌጅ ተመራቂ ግን ዛሬውኑ፣ ከመመዝገቡ በፊት፣ በክሬዲት ሰዓት ተቆጥሮ ይከፍላል።

የማውቃት አንዲት የድሬ ጠያራ ልጅ አለች። ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ልጅቱ ግን መብረር አልተመኘችም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ደረጃ በደረጃ መሄድን መረጠች። ከአንድ ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ በደረጃ 4 ተመረቀች፤ የብቃት ምዘናውንም አለፈች፤ ከዚያም በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁለት ዓመት መዝገብ ያዘች። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ሲከፍል ደረሰኝ የምትቆርጠው፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲመጣ መዝገቡን ከፍታ የምታስረዳው እርስዋ ነበረች። ከደመወዝዋ ቆጥባ ወደ አንድ ዩኒቨርስቲ ሄደች። የመጀመሪያው ሰው የተማርሽው በሙሉ ይያዝልሻል አላት። ሁለተኛው ከፊሉ ብቻ ነው አላት። ሦስተኛው በሚመጣው ሰሚስተር ተመለሺ አላት። በመጨረሻ ሲመዘገቡ የተቆጠረላት ነገር አልነበረም። እናም ያች ሁለት ዓመት የማኅበር መዝገብ የያዘች ልጅ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ እንደሚጻፍ ለመማር ገንዘብ ከፍላ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሰሚስተር ገንዘቧ አለቀ። ዛሬ ወደ ማኅበሩ ተመልሳለች። ትምህርቱን ያቋረጠችው ከብዷት አይደለም፤ የምታውቀውን ሁለተኛ እንድትገዛ ስለ ተገደደች ነው።

በዚህ ነገር ከመምህራኖቻችን ጋር ስንነጋገር የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞአቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የኮሌጁ ትምህርት ለእጅ እንጂ ለምርምር አልተዘጋጀም፤ ሒሳቡና እንግሊዝኛው ደካማ ነው፤ እነዚህን ልጆች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ብናስገባቸው ይወድቃሉ፤ ባይወድቁም የዲግሪው ክብር ይወድቃል ይላሉ። ከዚህም ሌላ የሚዛን ችግር አለ። ዩኒቨርስቲ በኮርስ፣ በክሬዲት ሰዓትና በፊደል ውጤት ይሠራል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ግን የሚሠራው በሞጁል ነው፤ የብቃት ምዘናውም ሰውየውን ብቁ ነው ወይም ገና ብቁ አልሆነም ይለዋል እንጂ ኤ ወይም ሲ ብሎ አይሰጠውም። ሬጅስትራሩ በአንድ እጁ ፊደል፣ በሌላው እጁ ብቁ የሚል ወረቀት ይዞ ሁለቱን ማስተካከል ሲያቅተው፣ ቀላሉ መንገድ ሁሉንም መተው ይሆንበታል። በሐሰት ማስረጃ የሚመጣም ስላለ ጥርጣሬው ይጨምራል።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ከችግሩ የሚከተለው መደምደሚያ በሩን መዝጋት አይደለም። በሁለት ምክንያት አስረዳለሁ።

መጀመሪያ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርስቲዎቻችን በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ያላገኙትን ተማሪዎች ተቀብለው በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሬሚዲያል በሚባለው፣ አዘጋጅተው ወደ አንደኛ ዓመት ያሳልፋሉ። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ እንዲያውም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ፈተና ያላለፈውን በወራት ትምህርት ደግፎ ማስገባት የቻለ ዩኒቨርስቲ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ሠርቶ፣ በሥራውም ተመስክሮለት የመጣውን ሰው በአንድ ክረምት ሒሳብና እንግሊዝኛ አጠናክሮ ማስገባት ያቅተዋል ብሎ ማን ያምናል?

ሁለተኛ፣ ስለ ዲግሪው ክብር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማንም የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪ አይቀበልም። የቀኑ፣ የማታው፣ የመንግሥቱ፣ የግሉ ተማሪ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። ሚዛኑ በመውጫው ላይ ከተተከለ፣ መግቢያው ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? በኮሌጁ መንገድ የመጣው ተማሪ ደካማ ከሆነ ፈተናው ይገልጠዋል። ጎበዝ ከሆነም ያው ፈተና ይመሰክርለታል።

ከራሳችን ታሪክም የምንማረው አለ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርስቲ የምንለው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በዓለማያ አልነበረም። ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተምረው በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተሻገሩ፤ ጅማ ላይ የጀመሩትንም ዓለማያ ላይ ፈጸሙ። በኋላም የአምቦ፣ የጅማና የአዋሳ የእርሻ ኮሌጆች ዲፕሎማ ይሰጡ በነበረበት ጊዜ፣ በዲፕሎማ ወጥተው፣ በመስክ ከገበሬው ጋር ሠርተው፣ ቆይተው ዓለማያ ገብተው ዲግሪ የያዙ የእርሻ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። በዚህ መንገድ የመጡት ሰዎች ዓለማያን አላዋረዷትም፤ ከስሟ ጋር የተያያዘው የእርሻ ሥራ ዝና እነርሱም የደከሙበት ነው።

ሌላም አለ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የዩኒቨርስቲ አገልግሎት የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄዶ እንዲያገለግል፣ ይልቁንም እንዲያስተምር ግዴታ ነበረበት። የዚያ ዘመን ዩኒቨርስቲ፣ ከሕዝብ ጋር ያልሠራ ሰው ትምህርቱ ጎዶሎ ነው ብሎ አምኖ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በኤረር ወይም በሶፊ ገጠር ሁለትና ሦስት ዓመት በነርስነት፣ በመምህርነት ወይም በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገለ ወጣት ወደ ዩኒቨርስቲ ሲመጣ፣ ትናንት ዩኒቨርስቲው ልጆቹን ልኮ ይፈልገው የነበረውን ዕውቀት ይዞለት ነው የሚመጣው። ይህን ከቁጥር አለማግባት ከራሳችን ልማድ መውጣት ነው።

ወደ ውጭ ብንመለከት፣ በአሜሪካ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ከተጀመረ በፈረንጆች ከ1901 ወዲህ ነው። በ1960 የካሊፎርኒያ ግዛት ባወጣው ታላቅ ዕቅድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱት ከፍተኛው ስምንተኛ እጅ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ፣ ከፍተኛው ሢሶ ወደ ግዛቱ ኮሌጆች እንዲገባ ተወሰነ፤ የቀረው ደግሞ ወደ ሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ገብቶ፣ በዚያ በርትቶ ከተማረ፣ በሦስተኛው ዓመት ወደ ዩኒቨርስቲ የሚሻገርበት ቦታ ተጠበቀለት። መምረጡ አልቀረም፤ ነገር ግን በ18 ዓመቱ የተመረጠ ለዘላለም የተመረጠ፣ የተጣለም ለዘላለም የተጣለ እንዳይሆን ሁለተኛ በር ተሠራለት። የፍሎሪዳ ግዛት ደግሞ በ1971 ኮሌጆቹንና ዩኒቨርስቲዎቹን በስምምነት አሰረ፤ ኋላም ለኮርሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ አንድ የሆነ ኮርስ በየትኛውም የመንግሥት ኮሌጅ ቢማሩት አንድ ነው፤ ክርክር የለበትም። ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂንያ የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቀን እየሠሩ፣ በማታ በነዚህ ኮሌጆች እየተማሩ፣ ወደ ዩኒቨርስቲ ተሻግረው መሐንዲስና ነርስ ሆነዋል። ያው የኛ ሰው ነው፤ እዚያ የተሻለው መንገዱ ስለ ተጠረገለት ነው።

በቴክኒክና ሙያውስ የራሳቸው መሰላል አላቸው፤ እስከ ደረጃ 8 እንዲደርስ ተወስኖላቸዋል፤ በዚያው ለምን አይወጡም? የሚል ይኖራል። መሰላሉ መኖሩ መልካም ነው፤ እንዲበረታም እመኛለሁ። ነገር ግን የላይኛው እርከን አብዛኛው ለሐረር ልጅ ሩቅ ነው፤ ሐረርና አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ደግሞም ሁለት መሰላል አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ክልክል ነው የሚል ሕግ ለማን ይጠቅማል?

ይህን ስጽፍ የጁገል ግንብ ትዝ ይለኛል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ ከተማይቱን ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አምስት በር ነበረው። ፋላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው መንገድ የተከፈቱ ናቸው። በየበሩ ጠባቂ ነበረ፤ የገባውም ይፈተሽ ነበር። በኤረር በር የደረሰውን ግን ዞረህ በፋላና በር ግባ ያለው አልነበረም። ዩኒቨርስቲም ግንብ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂም ያስፈልገዋል። የማያስፈልገው አንድ በር ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት የሚከተሉት አምስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊፈጸሙ ይችላሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ከየትኛው የኮሌጅ ሙያ የትኛው ሞጁል ከየትኛው ኮርስ ጋር እንደሚመሳሰል ዝርዝር ያውጣ። ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ኮሌጆችም በበኩላቸው የትምህርቱን ስም ብቻ ሳይሆን ይዘቱንና ሰዓቱን ጽፈው ይስጡ፤ መምህር በስም ብቻ ሁለት ትምህርት ማመዛዘን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ላልሸፈነው ትምህርት በየሰሚስተሩ መጀመሪያ ፈተና ይሰጥ። ያለፈ ይቆጠርለት፤ የወደቀ ኮርሱን ይማር። ይህ ለሁለቱም ወገን ፍርድ ነው። የድሬ ጠያራዋ ልጅ በአንድ ጧት ፈተና ያንን ሁሉ ቅዳሜ ባተረፈች ነበር።

ሦስተኛ፣ መልሱ ከክፍያ በፊት፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሰጥ። ማስረጃ ትክክል መሆኑን ማጣራት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ይሂድ እንጂ ተማሪው ሥራውን ትቶ በሁለት ከተማ መካከል አይመላለስ።

አራተኛ፣ በሐምሌና በነሐሴ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጥ። ለሬሚዲያል የተዘጋጀው ትምህርት አለ፤ አስተካክሎ መጠቀም ነው።

አምስተኛ፣ ከመደበኛው የቀን ትምህርት ጥቂት ቦታ ከኮሌጅ በብልጫ ለሚመጡ ይጠበቅ። ይህ የአንድ ዩኒቨርስቲ ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከሌሎቹ ዩኒቨርስቲዎች ማኅበሮች ጋር መክሮ አቤቱታውን በአንድነት ያቅርብ።

ለራሳችን ለተማሪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። የማታና የቅዳሜ ተማሪዎችን በንቀት የምናይ፣ ዲፕሎማ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የምንናገር በመካከላችን አለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግን የወደቀ ዛፍ አይደሉም፤ ዘግይተው የሚያፈሩ ናቸው። እኛ ቀን ተምረን ማታ የምናርፍ፣ እነርሱ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ፣ ማን ማንን ሊንቅ ይገባዋል? ማኅበራችን ከያንዳንዱ ዲፓርትመንት ሁለት ሁለት ፈቃደኛ ተማሪ መርጦ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ቢረዳቸው፣ በምዝገባ ሳምንትም የትኛው ወረቀት ወደ የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ ቢያሳያቸው፣ ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ከነገ ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው ነው።

ከኮሌጅ ለሚመጡትም እላለሁ። ዲግሪን ለደመወዝ ዕድገት ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ የከፈትንላችሁን በር ራሳችሁ ትዘጉታላችሁ። የምትጠይቁት ምሕረት አይሁን፤ ሚዛን ይሁን። ወረቀታችሁን አሟልታችሁ፣ ለፈተናው ተዘጋጅታችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባዔ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዝ እጠይቃለሁ። የማይስማማ መምህር ወይም ተማሪ ካለ በዚህችው ጋዜጣ ይጻፍ፤ እንከራከር። ዝም ከተባለ ግን በሚመጣው መስከረምም አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዴቢትና ክሬዲትን እንደ ገና ልትገዛ ገንዘቧን ይዛ ትመጣለች።